ግንቡ ቀረ፣ ከተማው የት ገባ?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ አዘዞን አልፎ፣ የመገጭን ድልድይ ተሻግሮ ፀዳ ሲደርስ ጎንደር በእርግጥ ከኋላው እንደቀረች ይታወቀዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በሜዳና በደጋ መካከል የሚሄድ ነው፤ በስተቀኝ የጣና ዳርቻ ሜዳ ተዘርግቷል፣ በስተግራ ተራራው ተደርድሯል። ማክሰኚት፣ እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመን፣ ይፋግ፣ ወረታ እያሉ ከተሞቹ እንደ መቁጠሪያ ይከታተላሉ። እንፍራንዝ ሲደረስ ከመንገዱ በላይ ከኮረብታ ጫፍ አንድ ግንብ ብቅ ይላል። ጉዛራ ነው። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አንገቱን አስግጎ «ይኸ ደግሞ የማን ግንብ ነው?» ይላል። ሌላው «የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው» ብሎ ይመልስለታል። ነገሩም በዚሁ ያበቃል።

ግንቡ የማን እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው። ግን ግንብ ብቻውን አይኖርም። ጠጅ የሚጥል፣ ሥጋ የሚያወራርድ፣ በቅሎ የሚጭን፣ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ቀረጥ የሚቀበል ሰው በአጠገቡ ይኖራል። ያ ሁሉ ሰው የነበረበት ከተማ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ ግን አይገኝም። እኔ ዛሬ አንባቢን ላነጋግር የፈለግሁት ስለዚህ ስለጠፋው ከተማ ነው። የነገሥታቱን ግንቦችማ የጎንደር ልጅ ሁሉ በቃሉ ይወጣቸዋል።

ፀዳ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነውና። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1770 ከጎንደር ተነሥቶ በዚሁ መንገድ ወደ እንፍራዝ ወርዷል። መገጭን የተሻገረው አራት ቅስት ባለው ጽኑ የድንጋይ ድልድይ ነበር፤ በሐበሻ አገር ወንዝ ላይ እንዲህ ያለ ድልድይ እምብዛም አይገኝም ብሎ አድንቋል። በአገሩ አብዛኛው ወንዝ በበጋ እየደረቀ መገጭ ግን ዓመቱን ሙሉ ስለሚፈስ ድልድዩ የግድ ያስፈልግ እንደነበረም አስተውሏል። ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን አራት ቅስት ያለው ድልድይ የሚሠራው ነጭ ላብ አውጥቶ ነው። እንዲህ ያለ ድካም የሚደከመው ደግሞ ብዙ እግርና ብዙ ኮቴ ለሚያልፍበት መንገድ ነው። ድልድዩ ራሱ መንገዱ ምን ያህል ይሄድበት እንደነበር ይመሰክራል።

ይኸው ብሩስ በታሪክ ክፍሉ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1682 ሲሞቱ የተቀበሩት በፀዳ ነው ይላል። ዮሐንስ የዐፄ ፋሲል ልጅ፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ አባት ናቸው። ታሪክ ጻድቅ ይላቸዋል። ሊቃውንት ሰብስበው የሚያከራክሩ፣ ለሃይማኖታቸው ቀናኢ የሆኑ ንጉሥ ነበሩ። በነገሡ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ ጎንደር ላይ ጉባኤ አድርገው አንድ ከባድ ፍርድ ፈረዱ፦ ከፋሲል ዘመን የተረፉት የፈረንጆች ዘሮች ሃይማኖታቸውን ይለውጡ፣ ካልሆነም ከአገር ይውጡ፤ እስላሞች ከክርስቲያን ጋር ተቀላቅለው አይኑሩ፣ መንደራቸውን ለብቻ ያድርጉ፤ ቤተ እስራኤልም እንዲሁ። ከአሥር ዓመት በኋላም ይህንኑ ፍርድ ደግመው አጸኑት። የጎንደር ሰው ዛሬ አዲስ ዓለም የሚለው፣ ቀድሞ እስላም ቤት ይባል የነበረው ሰፈር ከዚህ ፍርድ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ቀኝ ቤት፣ አቡን ቤት፣ እጨጌ ቤት እየተባለ የተሸነሸነው ጎንደር ሰው በሙያውና በሃይማኖቱ ተለይቶ የሚቀመጥበት ከተማ ነበር።

እንግዲህ እንፍራዝ የምትደንቀው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ጉባኤ ሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1700፣ ሻርል ዣክ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በእንፍራዝ አለፈ። ፖንሴ በስናር በኩል መጥቶ ጎንደር የገባው ዐፄ ኢያሱን ሊያክም ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ከጎንደር የአንድ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኘው በእንፍራዝ ሰነበተ። ከተማዋ ከጎንደር ታንሳለች፣ ነገር ግን አቀማመጧ ያማረ፣ ቤቶቿም የተሻሉ ናቸው ይላል። ቤቶቹን አንዱን ካንዱ የሚለያቸው ሁልጊዜ የሚለመልም የቁጥቋጦ አጥር ነው። ከበላይዋ የንጉሡ ግንብ አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልብ ያለው ሌላ ነገርን ነው፤ በመላ አገሩ እስላሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ የሚፈጽሙባት፣ ቤታቸውም ከክርስቲያኖች ቤት ጋር ተቀላቅሎ የተሠራባት ከተማ እንፍራዝ ብቻ ናት ሲል ጽፏል።

«ብቻ ናት» ማለቱን አምኜ አልቀበለውም። ፖንሴ አገሩን ሁሉ አልዞረም፤ ያየው ከስናር ጎንደር፣ ከጎንደር ምጽዋ ያለውን መንገድ ነው። ሆኖም ከጎንደር ሲመጣ ልዩነቱ ዓይኑን እንደወጋው ግልጽ ነው። አባትየው ንጉሥ «ተለያይታችሁ ኑሩ» ብለው ዐዋጅ አስነግረዋል፤ በልጃቸው ዘመን ከዋና ከተማው የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ያለች የገበያ ከተማ አጥር ለአጥር ተጎራብታ ትኖራለች። ንጉሡ ሳያውቁ ቀርተው ነው እንዳይባል ግንቡ ከበላይዋ ቆሞ ቁልቁል ያያታል።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ፖንሴ ራሱ ሳያስበው ይነግረናል። እንፍራዝ የዝባድና የባሪያ ገበያ ነበረች። በተለይ የጥርኝ እርባታው አስደንቆታል። እስከ ሦስት መቶ ጥርኝ የሚያረቡ ነጋዴዎች ነበሩ ይላል። እንስሶቹን በሳምንት ሦስት ቀን ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ በቀሩት ቀናት በወተት የተሠራ ምግብ ይቀልቧቸዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ዝባዱን ከእንስሳው ፍቀው ይወስዱና በበሬ ቀንድ አጭቀው፣ አፉን ደፍነው ያኖሩታል። ዛሬም በጅማና በሊሙ በኩል ጥርኝ የሚያረባ ገበሬ ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አይሠራም፤ ቀንዱም ያው የበሬ ቀንድ ነው። ይህ ዝባድ በቀይ ባሕር ተሻግሮ የሩቅ አገር ሽቱ ቀማሚ ዘንድ ይደርስ ነበር። ዋጋው ከፍ ያለ፣ ሸክሙ ቀላል ነውና ለሲራራ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም።

ሌላው ሸቀጥ ሰው ነበር። ይህን ማለፍ አይገባም። ባሪያ መነገድ ለክርስቲያን በሕግም በቤተ ክህነትም የተነወረ ስለነበረ ንግዱ ባብዛኛው በእስላም ነጋዴዎች እጅ ነበር። ገዢው ግን ክርስቲያኑም ጭምር ነው፤ ቀረጡ ደግሞ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ይገባል። የእንፍራዝን ጉርብትና ስናደንቅ የቆመው በምን ላይ እንደነበረ መርሳት የለብንም። ጎንደር ላይ በሃይማኖት ተለይቶ የተቀመጠው ሕዝብ እንፍራዝ ላይ በገበያ ተቀላቅሏል። ያ ገበያ ግን የሰው ልጅም ተጎትቶ የሚሸጥበት ገበያ ነበር። እንዲህ ያለውን ከተማ የፍቅር አገር አድርጎ መዝፈን አይቻልም፤ የጠብ አገር ብሎ ማለፍም እንዲሁ።

ሰባ ዓመት አለፈና ብሩስ መጣ። እርሱ ያያት እንፍራዝ በገደላማ ኮረብታ ላይ ያለች፣ መውጫዋ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ከተማ ናት። ቤቶቹ ከኮረብታው ወገብ ላይ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ተሠርተዋል፤ ቁጥራቸው ሦስት መቶ ያህል ነው። ከቤቶቹ በላይ እስከ ጫፉ ድረስ ያለ ሥርዓት ዛፍና ቁጥቋጦ የበቀለበት የአትክልት ቦታ አለ። ጣና ሙሉውን ከዚያ ይታያል። ቀድሞ የነገሥታት መኖሪያ እንደነበረች ሰምቷል፤ በአንዲት ትንሽ ኮረብታ ላይም አራት ማዕዘን የሆነ፣ በፍጥነት እየፈረሰ ያለ ግንብ አይቷል። የማን ነው ሲል የተነገረው መልስ «የሐፄ ዮሐንስ» የሚል ነበር።

እንደገና ዮሐንስ! በፀዳ ተቀበሩ የተባሉት፣ እስላምና ክርስቲያን ተለያይቶ ይኑር ያሉት ንጉሥ፣ እስላምና ክርስቲያን ተቀላቅሎ በሚኖርበት ከተማ አናት ላይ ቤት ነበራቸው ማለት ነው። ብሩስ ያየው ግንብ ዛሬ ጉዛራ የምንለው ከሆነ ደግሞ ሌላ ክርክር ይከተላል። የተለመደው ታሪክ ጉዛራን ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጣል፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡ ናቸው፣ በእንፍራዝ አካባቢም ይከርሙ ነበር። እንዲህ ከሆነ ጉዛራ ከፋሲል ግንብ በሃምሳና በስድሳ ዓመት ይቀድማል፤ የጎንደር ግንቦች አባት ይባላል ማለት ነው። አሠራሩን አይተው የለም፣ ይህ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ብሩስ በጆሮው የሰማውም ከእነዚህኞቹ ጋር ይሄዳል። እኔ ብሩስ የሰማውን በቀላሉ የሚጣል አድርጌ አላየውም። የሠርፀ ድንግልን ግንብ ዮሐንስ አድሰውት ሊሆንም ይችላል፤ አዳሽ የሠሪውን ስም ሲወስድ ያገራችን ታሪክ ብዙ ጊዜ አይቷል። ይህን የሚፈታው ወረቀት አይደለም፤ ከግንቡ መሠረት ሥር ያለው አፈር ነው።

በፖንሴና በብሩስ መካከል ባሉት ሰባ ዓመታት ከተማዋ እንደቀዘቀዘች ግልጽ ነው። ቀጥሎስ? ቀጥሎ እንደ ዘበት ትጠፋለች። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች በዚህ መንገድ ሲያልፉ የሚያወሩት ስለ ይፋግ ገበያ ነው። ይፋግ ከእንፍራዝ ወደ ደቡብ ወረድ ብላ ያለች ናት። ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ከአባይ ማዶ ቡናና ወርቅ፣ ፈረስና በቅሎ፣ ሰምና ዝባድ የሚገናኙባት ትልቅ ገበያና ኬላ ሆነች። ከአጠገቧ ደጋው ላይ ያለችው ደሪጣ የእስላም ነጋዴዎች መኖሪያ ነበረች። ወደ ጣና ዳር ወረድ ሲባል ደግሞ ቆራጣ አለች። እ.ኤ.አ. በ1866 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ሲደራደር የተቀመጠው በቆራጣ ነው፤ ኮሌራ ገብቶ አስለቀቃቸው። የሚገርመው ደሪጣም ይፋግም ቆራጣም በተራቸው ደብዝዘዋል። ይፋግ ዛሬ ከአዲስ ዘመን ጥላ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት።

ለምን? «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ጥቂት ይነግረናል። በቀድሞ አነጋገር ከተማ ማለት ንጉሡ የሰፈረበት፣ የጦር ድንኳን የተተከለበት ቦታ ነው። ንጉሡ ሲነሣ ከተማው ይነሣል፤ የቀረው አመድና የድንኳን ካስማ ጉድጓድ ነው። የነጋዴ ከተማ ግን ከዚህ ይለያል። እርሱ ንጉሡን ሳይሆን መንገዱን ይከተላል፤ የሚሞተውም መንገዱ ሲታጠፍ ነው። እንፍራዝ ሁለቱንም ነበረች። የነገሥታት መክረሚያም የሲራራ ማረፊያም ነበረችና ሁለት ጊዜ ሞተች። መጀመሪያ ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱን ወሰደችባት፤ በኋላ ገበያው ወደ ይፋግ ሸሸባት።

ከዚያ ወዲህ የደረሰው አንድን ከተማ ሳይሆን መላ መንገዱን የመታ ነው። ቴዎድሮስ ጎንደርን በ1864 እና በ1866 እ.ኤ.አ. በዘበዙ፤ በሁለተኛው ጊዜ አቃጠሏትም። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ሳር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል አድርገው ጎንደር ገቡ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዱ፣ ሕዝቡን ማረኩ። ጎንደር ባዶ ስትሆን ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ምን ይጭናል? ይህ ሳይበቃ የጅቡቲው ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰና ከአባይ ማዶ ይመጣ የነበረውን ቡና ወደ ሌላ አቅጣጫ ሳበው። በመጨረሻም መኪና መጣ። መኪና እንደ በቅሎ የኮረብታ ወገብ አይወድም፤ ሜዳውን ይዞ ነው የሚሄደው። የዛሬዋ እንፍራንዝ አስፋልቱን ተከትላ የተደረደረች ናት፤ ብሩስ መሰላል ወጥቶ ያያት ከተማ ግን ዳገት ላይ ነበረች። ስሙ ወረደ፣ ከተማው እዚያው ቀረ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ከሁለት ፈረንጅ ተጓዦች ነው ማለት ያሳዝናል፤ እውነት ግን ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል እንፍራዝን ሲያነሣ ንጉሡ የት እንደከረሙ፣ ማንን እንደሾሙ፣ በየትኛው በዓል ምን እንዳደረጉ ይነግረናል። የዝባድ ነጋዴው ግን ለዜና መዋዕል ጸሐፊ የሚጻፍ ሰው አልነበረም። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች በጻፉት ታሪክ እነዚህን የመንገድ ገበያዎች ሰብስበው አስቀምጠውልናል፤ ፕሮፌሰር አብዱሰመድ አህመድ ደግሞ የበጌምድርን እስላም ነጋዴዎች ለ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጥንተዋል። ሁለቱም የሠሩት ከጽሑፍና ከቃል ነው። ጽሑፉ ያልደረሰበትን የሚያወጣው አካፋና ወንፊት ነው።

አካፋው ምን ሊያገኝ ይችላል? ወርቅ አይደለም፤ ወርቅ የሚፈልግ ሰው እዚያ ባይደርስ ይሻላል። ስለ እንፍራዝ ትልቁ ጥያቄ «ተቀላቅለው ኖሩ» የሚለው የፖንሴ ቃል እውነት ነው ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚመልሱት የወዳደቁ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ ቡናን እንውሰድ። ዛሬ ቡና የሁላችን ነው፤ በዚያ ዘመን ግን፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ፣ ቡና መጠጣት የእስላም ልማድ ተደርጎ ስለሚቆጠር ክርስቲያኑ ይጸየፈው ነበር። እንግዲያው በአንድ ቤት ወለል ላይ የፍንጃል ስባሪ ቢበዛ፣ ከአጥር ማዶ ባለው ቤት ደግሞ የጠላ ጋንና የጠጅ እንስራ ገል ቢወጣ፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች እነማን እንደነበሩ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። የአንዱ ቤት ከሌላው በስንት ክንድ እንደሚርቅም በገመድ ይለካል።

ቀጥሎ አጥንት አለ። ሦስት መቶ ጥርኝ በሳምንት ሦስት ቀን የበሬ ሥጋ የሚበላበት ግቢ የአጥንት ቁልል ይኖረዋል። ጥርኝ ሲያረጅና ሲሞት የራሱም አጥንት እዚያው ይጣላል። የጥርኝ አጥንት በብዛት የሚገኝበት አመዳም አፈር ቢታይ የዝባድ ነጋዴው ግቢ ተገኘ ማለት ነው። እስከማውቀው ድረስ እንዲህ ያለ ግቢ በአገራችን ተቆፍሮ ታይቶ አያውቅም።

መቃብርም አለ፤ እርሱን ግን ሳይቆፍሩ ከላይ ድንጋዩን ማየት ይበቃል። ክርስቲያን በጀርባው ተጋድሞ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲሆን ይቀበራል። እስላም በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ መካ ነው፤ ከጎንደር አገር ደግሞ መካ በሰሜን በኩል ናት። የሁለቱ መቃብር ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ይመስላል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የራስጌው ድንጋይ የት እንደቆመ ያየ ሰው ነው። በሕይወት የተቀላቀሉት በሞት ተለያይተው ይሆን? ወይስ መቃብራቸውም ተጎራብቷል? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ መልሱ ግን ዳገቱ ላይ ተበትኗል።

ይህ የሕልም እንጀራ አለመሆኑን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ በይፋት፣ አስባሪ፣ መሳልና ኖራ የሚባሉት የመካከለኛው ዘመን የእስላም ከተሞች ለዘመናት በቁጥቋጦ ተሸፍነው ከቆዩ በኋላ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች መስጊዶቻቸውን፣ ቤቶቻቸውንና መቃብሮቻቸውን ለክተው ለታሪክ መልሰዋቸዋል። እዚሁ ጎንደር ዙሪያ ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፔን አርኪኦሎጂስቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የኢየሱሳውያንን ዘመን ቅሪቶች ሲያጠኑ አዘዞ ገነተ ኢየሱስን ቆፍረዋል፤ ደንቀዝንና የፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝን መኖሪያ ደብሳንን መርምረዋል። ደብሳን ከእንፍራዝ አገር ናት። ስለዚህ ባለሙያዎች በዚህ ደጅ አልፈዋል ማለት ነው። ያጠኑት ግን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የነጋዴውን ጓዳ የሚያንኳኳ ገና አልመጣም።

ሁሉም የሚጠፋ ከተማ እንደ ኖራ ዕድለኛ አይደለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 በትግራይ ደቡብ ማናደሌይ ስለተባለች የእስላም ነጋዴዎች ከተማ ጽፏል። ከካይሮ፣ ከጅዳ፣ ከሕንድ፣ ከሰሜን አፍሪካ ሳይቀር ነጋዴ የሚመጣባት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ የሚቆምባት፣ የባሕር ወደብ የምትመስል ከተማ ነበረች። ዛሬ ስሟን የሚያውቀው የታሪክ ተማሪ ብቻ ነው።

የእንፍራዝ ጉዳይ የሚያስቸኩለው ለዚህ ነው። ጉዛራ ከፋሲል ግቢ ጋር ተቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የፋሲል ግቢም በቅርብ ዓመታት ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ሁለቱም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መዝገቡ የያዘው ግንቡን ነው። ከግንቡ ሥር ያለው ዳገት የገበሬ ማሳ ነው፤ ገበሬውም በማሳው ላይ ክብ ሆኖ የተደረደረ ድንጋይ ሲያገኝ የቤት መሠረት ነው ብሎ አይተወውም። ለካብ ይሆነዋል፣ ለእርከን ይሆነዋል። እርከን መሥራት ደግሞ ነውር አይደለም፤ አፈሩ ወደ ጣና እየሄደ ያለ አገር እርከን ያስፈልገዋል። ችግሩ አንድ ትጉህ ቀበሌ በአንድ የበጋ ዘመቻ የሦስት መቶ ቤት መሠረት ለቅሞ አፈር ለመጠበቅ ሊያውለው መቻሉ ነው። ማንም አላጠፋም፤ ከተማው ግን ይጠፋል።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 መንገድ ሲሠራም ሆነ ቤት ሲታነጽ፣ በሌላ አጋጣሚም ቢሆን፣ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል። ይህ ለሐውልትና ለዘውድ ይሠራል። የተሰበረ ፍንጃል ይዞ ወረዳ የሚሄድ ገበሬ ግን የለም፤ ቢሄድም የሚቀበለው ሹም የሚለውን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ለእንፍራዝ የሚያስፈልገው ገበሬውን መጠበቅ ሳይሆን ወደ ገበሬው መሄድ ነው።

ሥራውም መጀመሪያ ላይ ገንዘብ አይጠይቅም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከእንፍራዝ የአንድ ሰዓት ተኩል የመኪና መንገድ ቢርቅ ነው። በሰኔ፣ ማሳው ሲታረስና የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው፣ ከታች ያለው ገል ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ጥቂት ተማሪዎች ከሞፈሩ ኋላ እየሄዱ፣ የሚያዩትን ሁሉ ሳያነሡ በወረቀት ላይ ቢያሰፍሩ፣ ፍንጃሉ የት እንደበዛ፣ ጋኑ የት እንደበዛ፣ አመዱ የት እንደጠቆረ በአንድ ክረምት ካርታው ይወጣል። ከየት እንደሚጀምሩ ብሩስ ነግሯቸዋል፦ ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ካዞረው ዳገት።